ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞረው ሶላር

አባቴን አንድ ነገር የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ሻዩ ሞቀ? "አልሐምዱሊላህ።" ጉንፋኑ ተሻለዎት? "አልሐምዱሊላህ።" አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ እግራቸውን የረገጣቸው ወጣት ደንግጦ "አባባ፣ ጎዳሁዎት እንዴ?" ሲላቸውም ያችኑ ነው የመለሱለት። ይህች ቃል ምስጋና እንጂ መልስ አለመሆኗን ለመረዳት የአርባ ስድስት ዓመት ዕድሜና አንድ የሶላር ውሃ ማሞቂያ ፈጅቶብኛል።

ሥራዬ የጂኦግራፊ መምህርነት ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ላይ ስዋረድ ምክንያቱ እንዲገባችሁ ነው። የምንኖረው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አባቴ በልብስ ስፌት ባቆሙት ቤት ውስጥ ነው፤ እኔ፣ ባሌ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼና አባቴ። ሰፈሩ "ሐጂ" ይላቸዋል፣ እኛ "አባባ"። ጉልበታቸውን የጨረሱት መርካቶ ኮትና ሱሪ ሲሰፉ ነው። ሱቁን ከለቀቁ በኋላም የስፌት መኪናቸውን ሳሎን መስኮቱ ሥር አስቀምጠው የሰፈሩን ቀሚስ ሲያሳጥሩ፣ ዚፕ ሲቀይሩ፣ የልጆቼን ዩኒፎርም ሲያሰፉ ይውላሉ። ሰው "ሐጂ፣ አረፉ አይደል?" ሲላቸው በመኪናዋ ድምፅ አይሰሙትም።

ካቻምና ብርዱ ሲገባ ጣቶቻቸው ጠዋት ጠዋት አልዘረጋ አሉ። ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት እስከ ረፋድ ድረስ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ጣታቸውን ማሸት ግድ ሆነባቸው። ቤቴል ያለ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ እጃቸውን አገላብጣ አይታ "አባባ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አይንኩ፤ በተለይ ጠዋት። እንዲህ ከቀጠለ ጣቶችዎ እንደታጠፉ ይቀራሉ" አለቻቸው። አባባ አመሰገኗት፣ መረቋት፣ ለእናቷም ሰላምታ ላኩ። በማግስቱ ሱብሒ፣ የንጋቱ ሶላት፣ ሳይደርስ፣ ደጅ ያለው ቧንቧ ሲከፈት ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ውዱእ እያደረጉ ነው። ከሶላት በፊት እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርን፣ እግራቸውን ይታጠባሉ፤ በቀን አምስት ጊዜ። የቀሩት አራቱ አያሳስቡኝም ነበር። የሚያሳስበኝ የማለዳው ነው። የኮልፌን የታኅሣሥ ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከወጨጫ የሚወርደው ብርድ ቧንቧውን አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል።

ውሃ ላሙቅልዎት አልኳቸው። "ለአንድ ሽማግሌ እጅ ተብሎ ሰው ከእንቅልፉ አይነሳም" አሉ። ማታ አፍልቼ በፔርሙስ አስቀመጥኩላቸው። ጠዋት ስነሳ በፔርሙሱ ውሃ ለልጆቼ ሻይ አፍልተው፣ እሳቸው በቀዝቃዛው ታጥበው ጨርሰዋል። የመብራት ቦይለር ላስገባ ብል "መብራትና ውሃ ታርቀው አያውቁም" ብለው እንቢ አሉ፤ ደግሞም ሰፈራችን ውስጥ መብራት መጥፋት ሲያምረው የሚጠፋው ማለዳ ነው። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ። ሦስቱንም አንድ ላይ ማድረግ እችልበታለሁ። አንድ ቀን ስኳር እያማሰሉ፣ እንደ ዋዛ፣ "ውሃው ራሱ ሞቆ ቢመጣ፣ ማንም ለእኔ ብሎ ካልተቸገረ፣ ለምን እጠላለሁ?" አሉ።

ራሱ ሞቆ የሚመጣ ውሃ። በዚያው ሳምንት ነው ሶላር ፍለጋ የጀመርኩት።

እኔ አንድ ነገር ልግዛ ካልኩ ሻጭ ይታዘንለት። ደብተር ያዝኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ጦር ኃይሎች እወርድና ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ። ጠፍጣፋው ይሻላል ወይስ ባለ መስታወት ቱቦው? ቱቦው በረዶ ቢወርድበት? አንዱ ቢሰበር ሌሎቹ ይሠራሉ? መቶ ሃምሳ ሊትር ለአምስት ሰው ይበቃል? አንዱ ሻጭ ከሦስተኛው ጉብኝቴ በኋላ ከሩቅ ሲያየኝ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠልኝና "እህቴ፣ ዛሬስ ፈተናው ከየትኛው ምዕራፍ ነው?" አለኝ። ደስ አለኝ እንጂ አልተቀየምኩም። ባለቤቴን ሳማክረው "አንቺ ታውቂያለሽ" አለ። ትዳራችን የቆመው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

የቆረጠችልኝ ጎረቤቴ ናት። በአንድ አጥር ነው የምንካለለው፤ እሷ የቸርች ሰው ናት፣ እኛ የመስጊድ፤ ዒድ ሲሆን ሰሐን ወደዚያ ይሄዳል፣ በገና ሰሐኑ ሞልቶ ወደዚህ ይመለሳል። ጣሪያዋ ላይ ሶላር ካወጣች ብዙ ክረምት አልፎታል። "ባለ ቱቦውን ግዢ" አለችኝ በአጥሩ ላይ። "የኔ በረዶም ወርዶበት፣ ድመትም ወልዳበት አልተበገረም። እኔ ጸልዬ ነው የመረጥኩት፤ አንቺ ደብተር ይዘሽ ትዞሪያለሽ።" ደብተሬም በመጨረሻ እሷን ጸሎቷ ካደረሳት ቦታ ነው ያደረሰኝ። ዕቁብ ሲደርሰኝ ባለ ቱቦውን ገዛሁ።

ሊገጥምልን የመጣው በግንቦት ማለቂያ፣ አንድ ረጋ ያለ ባለሙያ ነበር። ሮቶአችን፣ ማለትም ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የምናጠራቅምበት ትልቁ የፕላስቲክ ታንከር፣ ከሶላሩ ከፍ ማለት አለበት ስላለ ቆሞበት የነበረውን ብረት አስቀድመን አስረዝመናል። የመስታወት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በብርድ ልብስ እየጠቀለለ መሰላሉን ሲወጣ አባባ ከታች መሰላሉን ይዘው "ቢስሚላህ" ይላሉ፤ ለእያንዳንዱ ቱቦ አንድ "ቢስሚላህ"። ልጆቼ ይቆጥራሉ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ባሻገር "ጌታ ይርዳህ" ትላለች። ይህን ያህል ተጸልዮለት ጣሪያ ላይ የወጣ ዕቃ በሰፈራችን አላውቅም።

ጣሪያችን ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ወደ አስኮ ያዘነብላል፣ ሌላው ወደ ደቡብ፣ ወደ አየር ጤና። ባለሙያው በአየር ጤናው በኩል ቆሞ የብረት እግሩን መለካት ሲጀምር ከታች ጮህኩበት።

"ወንድሜ፣ ወዴት ነው የምታዞረው?"

"ወደዚህ ነዋ፣ ቲቸር። እኛ ሁልጊዜ ወደዚህ ነው የምናዞረው።"

ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር። ቀና አልኩ። ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ አለፍ ብላ፣ ወደ አስኮ በኩል ነበረች። የሮቶው ጥላ ደግሞ ወደ አየር ጤና ወድቋል። የሚታይ ነገር ነው።

"ፀሐይዋ እዚያ ናት፤ አንተ ጀርባውን ትሰጣታለህ?" አልኩት።

"እሱ ልክ ነሽ፤ ግን ልማዱ…"

"ልማድ ሌላ፣ ሳይንስ ሌላ" አልኩት፣ ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ለሚያወሩ በማቆያት ድምፄ። ባለሙያው ወደ ፀሐይ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ምናልባት ሊከራከረኝ ነበር። ነገር ግን አባባ መሰላሉን እንደያዙ ዞር ብለው አቅጣጫውን ሲያስተውሉ ፊታቸው በራ።

"ይኼማ ቂብላ ነው" አሉ።

እውነትም ነው። ከአዲስ አበባ መካ ያለችው ወደ ሰሜን ነው፤ አባባ በቀን አምስት ጊዜ የሚዞሩትም በአስኮ በኩል ነው። ዕቃው ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ሲቀመጥ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ቆጠሩት። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል? ባለሙያው የብረት እግሩን ተሸክሞ ወደ ሌላው ወገን ተሻገረ።

በዚያ ምሽት ከቧንቧው ሙቅ ውሃ ሲወርድ ልጆቼ ባኞ ቤት ውስጥ ዘፈኑ። እውነቴን ነው የምለው፣ እኔም በር ላይ ቆሜ ዘፈንኩ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በባልዲና በጣሳ የታጠቡ ልጆች ናቸው፤ ውሃ ከላይ ሞቆ ሲወርድባቸው አንዷ "እማ፣ አያልቅም እንዴ?" አለች። ለአባባ ደግሞ ደጅ ባለው መታጠቢያቸው ላይ ለብቻ መስመር አስገባሁላቸው፤ እዚያው በለመዱት ቦታ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዲከፍቱት።

ጠዋት ስነሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሳሎን ቁጭ ብለዋል።

"አባባ፣ ሞቀ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

በዚያ ወር ክር በመጀመሪያው ሙከራ መርፌ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ቤታችን ለሚመጣው ሁሉ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ አባባ ጣሪያውን ያሳያሉ። "ይኼ ሶላር ወደ ቂብላ ነው የዞረው" ይላሉ። የመስጊድ ጓደኞቻቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው አይተው "ማሻአላህ" ይላሉ። እኔም ሻይ እያቀረብኩ፣ ማን እንዳዞረው ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ክረምቱ ገባ። ደመና በሆነ ቀን ውሃው ለብ ይላል፤ ፀሐይ ከሌለች ምን ይደረጋል ብለን ቻልነው። መስከረም ጠባ፣ ሰማዩ ጠራ። ጥቅምት ላይ ግን አንድ የሚያናድድ ነገር አስተዋልኩ፤ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ እየከረረች የባኞ ቤቱ ውሃ ከሰኔው ያነሰ ሆነ። ጥፋተኛውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ልጆቼ ናቸው፤ ሲታጠቡ ይቆያሉ። በር ላይ ቆሜ በሰዓት መያዝ ጀመርኩ። "ጨርሱ፣ የአባባ ውሃ ነው!" ኅዳር ሲገባ ልጆቼ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልታጠቡም፤ ውሃውም ከለብታ አላለፈም። ከባሰ ብዬ እኔም ወደ ጣሳዬ ተመለስኩ። ብቻ የአባባ ሙቅ ይሁን።

"አባባ፣ ሞቀ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እጃቸውን ውስጥ ከተው። ሁልጊዜ ውስጥ ከተው። ይህን ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። እሷም ማለዳ ለጸሎት ትነሳለች፤ መስኮቷ ወደ እኛ ግቢ ነው።

"ሰላም ነሽ? አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ" አለች።

እንዳትቆጪ የተባለ ሰው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው የሚቆጣው። "ንገሪኝ" አልኳት።

"ሐጂ ጠዋት ሲታጠቡ አያቸዋለሁ። ታጥበው ሲጨርሱ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ትናንት ብዙ ቆዩ። እኔ እኮ ሶላሩ የሚሠራ መስሎኝ።"

"ይሠራል" አልኳት።

"እንግዲያው ላም አለኝ በሰማይ ነው የሆነባቸው" አለችና ደግሞ አዘነችልኝ፤ ከፊቴ ነገሩ የገባኝ መሆኑን አይታለች።

በማግስቱ ከሱብሒ በፊት ነቅቼ ጠበቅኩ። አባባ ታጥበው ወደ ውስጥ ሲገቡ በጓሮ በር ወጥቼ የእሳቸውን ቧንቧ ከፈትኩና እጄን ዘረጋሁ። ውርጭ ነው። ይሞቅ እንደሆን ብዬ ለቀቅ አድርጌ ጠበቅኩ፤ አልሞቀም። ክርኔ ድረስ ደነዘዝኩ። በዚህ ውሃ ነው ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን የሚታጠቡት። ሳሎን ስገባ መስገጃቸው ላይ ነበሩ። እስኪጨርሱ ጠብቄ፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ፣ ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ ሞቀ?"

"አልሐምዱሊላህ" አሉኝ፣ በዚያ ደስ በሚል ፊታቸው።

ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እንባ ቀደመኝና ወደ ማዕድ ቤት ሄድኩ። ለወራት በየማለዳው ምስጋናቸውን እንደ ምስክር ወረቀት ስቀበል ኖሬያለሁ።

ጥፋቱን ያገኘሁት ግን ቤት ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው። ሰኞ ዕለት የማስተምረው ስለ ወቅቶች ነበር። በየዓመቱ የማስተምረው ነው፤ ተኝቼም እችለዋለሁ። ብርቱካን በእጄ ይዤ፣ "ፀሐይ በእኛ አገር ሰኔ ላይ ከአናታችን በስተሰሜን፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በስተደቡብ ትሆናለች" አልኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እንግዲያው አሁን ጥላችን ወደ ሰሜን ነው የሚወድቀው?"

"ጎበዝ። ኑ እንየው" አልኩ። እኩለ ቀን ሲደርስ ክፍሉን ሁሉ ይዤ ወጣሁና ባንዲራው ምሰሶ ሥር ሰበሰብኳቸው። ጥላው ረዝሞ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ አስኮ በኩል ተኝቷል። ፀሐይ ከጀርባችን፣ በአየር ጤና በኩል ናት። ተማሪዎቹ ጻፉ። እኔ ብርቱካኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሶላራችን ፊቱን ጥላው ወደተኛበት አዙሮ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ የጣሪያው ጫፍ ደግሞ ከኋላው ከልሎት ተቀምጧል። የሰኔዋን ፀሐይ አይቼ የዓመቱን ፈረድኩ። ያ ምስኪን ባለሙያ "ልማዱ" ሲለኝ የነገረኝ ይህንኑ የምሰሶ ጥላ ነበር፤ ሳይንሱን በልማድ መልክ ይዞት መጥቶ "ሌላ ነው" ብዬ መለስኩት። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔ በዲግሪ ነው እንቢ ያልኩት።

ቤት ስደርስ አንገቴን አቀናሁና የጎረቤቴን ጣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ አየሁት። የእሷ ወደ አየር ጤና ነው የዞረው። ለዓመታት ልብስ ሳሰጣ ከፊቴ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ማዞር። ግን ሶላሩን ማዞር ማለት ጀርባውን ለቂብላ ማሰጠት ማለት ነው። የመስጊዱ ሰው ሁሉ "ማሻአላህ" ብሎለታል። አባባ ከዚያ ዕቃ ያገኙት አንድ የማያጠራጥር ደስታ ይኸው ነበር፤ አቅጣጫው። ውሃውን ነፍጌያቸው ይህን ደግሞ እንዴት ልንጠቅ? ሁለት ቀን አፌ ላይ ይዤው ዋልኩ። ባለቤቴን ባማክረው "አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትራስ ወረወርኩበት።

በሦስተኛው ቀን አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መርፌና ክር ይዘው ሲታገሉ አገኘኋቸው። ክሩን በከንፈራቸው እያረጠቡ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሲያዩኝ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ደበቁት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"አባባ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው" አልኳቸው።

የያዙትን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አጠፉ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ዋሸሁሽ?" አሉ ረጋ ብለው። "ስትጠይቂኝ አላህን አመሰገንኩ። ይኼ ውሸት ነው?"

"ሞቀ ወይ ነው እኮ ያልኩዎት!"

"ስንት ሱቅ ዞረሽ፣ ደብተር ሞልተሽ፣ ለእኔ ብለሽ ያመጣሽውን በረደኝ ልበልሽ? ሞቆም ነበር። ሰኔ ላይ ሞቋል። ከዚያ ወዲህ ጣቴ ደንዝዞ ሙቀቱን የማይለየው እየመሰለኝ ነበር" አሉ።

አለቀስኩ፣ ተቆጣሁም፤ እኔ ዘንድ ሁለቱ ተጠባብቀው ነው የሚመጡት። ከዚያ ሁሉንም ዘከዘክኩላቸው፤ ፀሐይዋን፣ ምሰሶውን፣ ብርቱካኑን፣ ባለሙያውን ያሳፈርኩበትን አፍ። መጨረሻ ላይ የሚያስፈራኝን አልኩ። "መዞር አለበት፣ አባባ። ጀርባውን ለቂብላ ሰጥቶ።"

አባባ መጀመሪያ ጣሪያውን በመስኮት ሊያዩ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የበረዳቸው መስሎኝ ጋቢውን ላነሳ ስል እየሳቁ እንደሆነ ገባኝ። ድምፅ ሳያወጡ፣ እንባቸው እስኪወርድ።

"ልጄ" አሉ፣ ዓይናቸውን በጋቢው ጫፍ እየጠረጉ፣ "እሱ እኮ አይሰግድም። የተገዛው ውሃ ሊያሞቅ ነው። ፀሐይ በታዘዘችበት መንገድ ሄደች፤ አንቺና እኔ ነን እሱን ጀርባውን አሰጥተን ያስቀረነው። ጥሪው ያንን ልጅ።"

ባለሙያው ቅዳሜ መጣ። በስልክ ይቅርታ ስጠይቀው ብዙ አልተናገረም፤ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ብሎኖቹን ሲፈታ ግን ወደ ታች አየኝና "ቲቸር፣ ዛሬስ በልማዱ ይሁን በሳይንሱ?" አለኝ።

"ባንተው ይሁን" አልኩት። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልሆነላትም።

አባባ መሰላሉን ለባለቤቴ ሰጥተው ግቢው መሐል ሄደው ቆሙ። ለሶላት እንደሚቆሙ፣ ቀጥ ብለው፣ ወደ አስኮ ዞረው። "ተመልከት፣ ልጄ" አሉት ባለሙያውን። "እኔ የማየው ወደዚህ ነው። አንተ በጀርባዬ በኩል አዙረው። እዚህ ቤት ውስጥ አንዱ ወደ ቂብላ ካየ ሌላው ጀርባውን ይጠብቅለት።" ባለሙያው ሶላሩን የአባባን ጀርባ እያየ አስተካከለው። ሜትር አልተጠቀመም። ቱቦዎቹ ተመልሰው ሲገቡ አባባ እንደገና ለእያንዳንዳቸው "ቢስሚላህ" አሉ፤ የመጀመሪያው እንዳይቆጠር ነው መሰለኝ።

ያን ቀን፣ በማግስቱም፣ ፀሐይዋ ቀጥታ ዋለችበት። እሁድ ማታ ማንም እንዳይታጠብ አዋጅ አወጣሁ። ልጆቼ "ለሁለት ደቂቃ?" አሉ። ለአንድ ሴኮንድም አልኩ።

ሰኞ ማለዳ ቧንቧው ሲከፈት ነቅቼ ነበር። አባባ ውሃ አያባክኑም፤ ውዱአቸው አንድ ትንሽ ማንቆርቆሪያ የምትይዘውን ያህል ውሃ አይፈጅም፤ ቧንቧውን ከፍተው ወዲያው ነው የሚዘጉት። ያን ዕለት ከፈቱት፣ ዘጉት። ደግመው ከፈቱት። እንደ ክር ቀጭን አድርገው ለቀቁት መሰለኝ፣ ድምፁ ተንጠባጠበ፣ ቆየ፣ ብዙ ቆየ። አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ጎረቤቴም መስኮቷ ላይ እንደነበረች ኋላ ነግራኛለች።

ሰግደው እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው። ሳሎን ስገባ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እጃቸውን ውስጥ ከተው ቁጭ ብለዋል፤ ልክ እንደ ሌላው ቀን። ልጠይቅ ፈራሁ፤ የሚሉኝን አውቀዋለሁና።

"አባባ፣ ሞቀ?" አልኩ፣ ከበሩ ሳልርቅ።

"ነይ ወደዚህ" አሉኝ። ሄጄ ከፊታቸው በርከክ አልኩ። ሁለት እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡና፣ ጣቶቻቸውን ዘርግተው፣ ጉንጮቼን ያዙኝ።

"አንቺው ንገሪኝ" አሉ።